የአሻ ንስንስ

ከሚሴ ላይ የፈለጋችሁትን ሰው ያዙና ጠይቁ፤ የአሻን ንስንስ አላውቅም የሚል ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ውሸታም ነው። ሰሊጡ፣ ሱፉ፣ ድንብላሉ፣ ጥቁር አዝሙዱ ለየብቻው ይታመሳል፤ ከጦስኝ፣ ከሚጥሚጣና ከባቲ ከሚመጣ ጨው ጋር ሙቀጫ ውስጥ ይገባል፤ ዱቄት ሳይሆን ሸክሸክ ተደርጎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያው ነው፤ ቂጣው ላይ ነስነስ፣ ድንቹ ላይ ነስነስ፣ እንቁላሉ ላይ ነስነስ። አውቶቡስ ለቁርስ ሲቆም መንገደኛው ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ "የአሻ አለ?" ይላል።

ታዲያ ስሙ የእማ አሻ ይሁን እንጂ አምስት ዓመት ሙሉ አፍንጫው የምራታቸው የአስያ ነበር። ይህን እሳቸው ያውቃሉ፣ እሷ ታውቃለች፣ አላህ ያውቃል። አራተኛ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእማ አሻን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ሰሊጥ ነጣ ይበል ቀላ ይበል አይለዩም። ግን ማን ዓይን ፈለገ! ማዶ ጓሮ ሆነው ሽታው ሲመጣላቸው "አውጡት!" የሚሉ ሴት ነበሩ። ያኔ ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በሚሄድበት በበሽታው ዘመን አሥራ ሰባት ቀን ተኝተው ተነሱ። አልሃምዱሊላህ ተባለ፣ ፍየል ታረደ። በሦስተኛው ቀን ሊያምሱ ተቀመጡ። አስያ ከውጭ ስትገባ ሰሊጡ ከስሏል፤ እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያማስላሉ። "እማ፣ አረረ እኮ!" ብትላቸው ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ።

በሩን ዘጉ። እጇን ያዙ። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ" አሉ፤ እማ አሻ ሆዳቸው ሲባባ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። "የአሻ አፍንጫ ሞተ ሲባል ገበያ ላይ ከምሰማ መሬት ትዋጠኝ። ለባልሽ ለሙስዐብም ቢሆን እንዳትነግሪው። ወላሂ በይ።"

"ወላሂ" አለች አስያ። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ ወላሂ ስንት ዓመት እንደሚረዝም ማን ያውቃል?

ከዚያ ወዲህ እማ አሻ ያማስላሉ፣ አስያ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። "ደረሰ?" ይላሉ፤ "ደርሷል" ትላለች። ሰው ካለ ደግሞ ጉልበታቸውን ነካ ታደርጋለች፤ እሳቸው "እንግዲህ ይበቃዋል!" ብለው ምጣዱን ያነሳሉ፤ ሰዉም "ማሻአላህ፣ የአሻ አፍንጫ!" ብሎ ያደንቃል። አስያ መሬት መሬት እያየች ትስቃለች። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ደስ ይላት ነበር። ለአማት አስፈላጊ መሆን ለምራት ቀላል ነገር አይደለም።

በኋላ ግን ዓፊያ ታመመች። ዓፊያ የአስያና የሙስዐብ ልጅ ናት፤ አንድ ለናቷ። ሚጥሚጣ በሚታመስ ቀን ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። አምስት ዓመት ሲሞላትማ ትንፋሽ እያጠራት ሁለት ጊዜ ተሸክመዋት ሮጡ። ሀኪሙ ነጩን ተናገረ፤ "ይቺ ልጅ ከዚህ ብናኝ ካልራቀች ደረቷ አይድንም።" ሙስዐብ የሚሠራው አዳማ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ፤ እህቱ ከውሰርም እዚያው ትኖራለች። ልጅቷን ይዞ ሄደ። አስያ በወሩ ልትከተላቸው ተስማሙ።

በወሩ! ረመዳን ደረሰ፤ "ትዕዛዝ በዝቷል፣ ኢዱ ይለፍ" አሉ እማ አሻ። ኢዱ አለፈ፤ መንገድ ተዘጋ። መንገድ ተከፈተ፤ ጉልበታቸውን አመማቸው። "የምትተካኝ ሴት ልፈልግ" አለች አስያ፤ ሦስት ሴቶች አመጣች። አንዷን እጇ ቀዝቃዛ ነው አሏት፣ አንዷን ወሬኛ ናት፣ የሦስተኛዋን ሰበብ አስያ ራሷ ረስታዋለች። እሷም ብትሆን "አፍንጫ ሁኚላቸው" ብላ ማንንም ማስተማር አትችልም፤ ወላሂ ብላለች። ያለ ምርቃታቸው ደግሞ አትወጣም። ሙስዐብ እንኳ ያን ያህል ሲቸኩል ተንበርክኮ ተመርቆ፣ እንትፍ እንትፍ ተብሎበት ነው የሄደው። ወሎ ውስጥ ሳይመረቅ መንገድ የሚገባ ማን አለ? እንዲህ ነገ ዛሬ ሲባል ሁለት ዓመት ሞላ።

በአምናው አረፋ ዓፊያን አመጧት። አስያ ከመናኸሪያው ጀምራ ነበር የሮጠችው። ልጅቷም ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ወዲያው ሳል ያዛት። እየሳለች በትንንሽ እጆቿ የእናቷን ደረት ገፋች። "እማ፣ ልብስሽ ያስለኛል" አለች። በማግስቱ መለሷት። አስያ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ቀሚስ ከነሻሹ በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥባ፣ ጓዳ ሳታስገባ ጓሮ አድርቃ፣ በፌስታል ላይ ፌስታል አድርጋ አሠረችው። ለአዳማ ነው። ማንም እንዲነካባት አትፈልግም።

ከሁሉ የከፋው ለማንም አለመናገሯ ነው። ለሙስዐብ ምን ትበለው? እናትህ ያለ እኔ ሰሊጥ አይለዩም ብትል ወላሂዋ ፈረሰ፤ ባትል ደግሞ እሱ የሚያየው ልጇን ትታ ምጣድ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ነው። ያችን የሚያምሱባትን ጓዳ እየጠላቻት መጣች። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳዋ ጥላሸት፣ መስኮቷ የእጅ መዳፍ ታህላለች። ጠዋት ስትገባ በሩ ከኋላዋ የሚቆለፍ ይመስላት ነበር።

በነዚህ ሁለት ዓመታት እማ አሻም ፀባያቸው ተለወጠ። ድሮ ሲታመስ ራዲዮ ይከፈታል፣ ወሬው ይደራል። ዓፊያ በሄደች በሳምንቱ ግን "ያንን ራዲዮ ዝጊልኝ" አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ምጣድ ፊት ከተቀመጡ ድምፅ አይወዱም። ጎረቤት እንኳ ቢያስነጥስ ይገላምጣሉ። አስያ ልጅቷ ናፍቃቸው ይሆናል፣ ወይም በልባቸው ዚክር ያደርጋሉ ብላ ተወችው። "ደርሷል" ስትላቸው እጃቸው ቀድሞ የምጣዱ ጨርቅ ላይ እንደሚሆን አይታ ታውቃለች፤ ግን አላሰበችበትም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ?

ረቡዕ ጠዋት ሙስዐብ ደወለ።

"አስያ፣ የዓፊያ አስተማሪ ትናንት የእናትሽ ስም ማነው ብላ ጠየቀቻት። ምን እንዳለች ታውቂያለሽ?"

"ምን አለች?"

"ከውሰር አለች።"

አስያ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ቅዳሜ የወላጆች ቀን አላቸው" አለ ሙስዐብ። "ካልመጣሽ ከውሰር እንደ እናቷ ሆና ትገባለች። እኔ ከእንግዲህ ነይ አልልሽም፤ ለምኜ ለምኜ አፌ ደከመ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ እናቴ ናት የያዘችሽ ወይስ አንቺ ነሽ መምጣት ያልፈለግሽ?"

"እመጣለሁ" አለች።

"ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምትይኝ" ብሎ ዘጋው።

ያን ቀን አስያ በሙስዐብ ተናደደች። በከውሰር ተናደደች፤ ከውሰር ምን አጠፋች፣ የሰው ልጅ ከማሳደግ በቀር! ከሁሉ በላይ ግን በዚያች ወላሂ ባለች የሃያ አንድ ዓመት ጅል ተናደደች። አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ እንደገና አለቀሰች። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ማንአልሞሽ ንስንሷን ልትወስድ ትመጣለች። እትዬ ማንአልሞሽ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ቁርስ ቤት ያላት ናት፤ ልቧ ወርቅ፣ አፏ ግን ወንፊት። በእሷ ፊት ሰሊጡ ቢያርር፣ እማ አሻም እያማሰሉ ቢቀመጡ፣ ከቀትር በፊት ከሚሴ በሙሉ ሰምቶ ጨፋ ድረስ ይወርዳል። አስያ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ወላሂዋ እንዳለ ነው። የተናገረው ሰሊጡ ነው። ምስጢሩ አንዴ ከወጣ ደግሞ የሚያስቀምጣት ነገር የለም።

ሐሳቡ ክፉ ነበር። ክፉ መሆኑንም ታውቀዋለች።

ሐሙስ ደረሰ። ድንብላሉ ታመሰ፣ አዝሙዱ ታመሰ፣ ሱፉ ታመሰ። ሰሊጥ መጨረሻ ነው፤ እሱ ቀበጥ ነው፣ ለጥቂት ካመለጠ መረረ ማለት ነው። እትዬ ማንአልሞሽ እየሳቀች ገባች።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ እማ አሻ! ዛሬማ ያቺን አፍንጫ ዓይኔ እያየ ልትሠራ ነው!"

"ነጋ፣ ነጋ፤ ደህና ነን። ቁጭ በይና ዝም በይ" አሉ እማ አሻ፤ ሰሊጡን ምጣዱ ላይ ገለበጡት።

አስያ ተነሳች። "ውሃ ልቅዳ፣ መጣሁ" አለች። እማ አሻ ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ።

ጓሮ ወጥታ፣ ከጓዳው ግድግዳ ኋላ የፓፓያውን ግንድ ይዛ ቆመች። በዚያች መዳፍ በምታህል መስኮት ሽታው መጣ። መጀመሪያ የእርጥብ ጭድ ሽታ፤ ቀጥሎ የቂጣ፤ ከዚያ ያ ቅባታም፣ ለምላስ ምራቅ የሚያመጣ ሽታ። ዓፊያን ስትወልድ ሦስት ሌሊት ያልተኙት፣ ወገቧን አሽተው፣ አጥሚቱን በማንኪያ ያጎረሷት እኚህ ሴትዮ ናቸው። ይህን አሁን ለምን አሰበችው? እግሯ ሩጪ ይላታል። የፓፓያውን ግንድ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ልጄ ከውሰር አለች፣ አለች ለራሷ፤ ልጄ የእናቴ ስም ከውሰር ነው አለች።

ሽታው ጫፉ ላይ ደረሰ። "ደርሷል" አለ ከንፈሯ፣ ያለ ድምፅ። አሁን ነው የሚያርረው። ዓይኗን ጨፈነች፤ የእትዬ ማንአልሞሽን ጩኸት ጠበቀች።

ጩኸት የለም። የመጣው ሰሊጥ ሰፌድ ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ሿ የሚል ድምፅ ነው።

"ወይ ጉድ! ወይ የአሻ አፍንጫ!" ትላለች እትዬ ማንአልሞሽ ከውስጥ። "እኔ እኮ ገና ምንም አልሸተተኝም ነበር!"

አስያ ግንዱን ለቀቀች። ስትገባ ሰሊጡ ሰፌድ ላይ ተበትኗል፤ አንድ ወጥ፣ ወርቃማ፣ አንዲት ያረረች ፍሬ የለችበትም። እትዬ ማንአልሞሽ ቀድሞ የተዘጋጀውን ንስንስ ተሸክማ፣ "አስዬ፣ ውሃው የታለ?" ብላ እየቀለደች ወጣች።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"ማን ነገረዎት?" አለች አስያ።

"ምኑን?"

"መድረሱን፣ እማ። ማን ነገረዎት?"

እማ አሻ ሰፌዱን በእጃቸው ዳበሱት። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መጣ።

"ሰሊጥ ይናገራል" አሉ። "መጀመሪያ ጠስ፣ ጠስ ይላል። ከዚያ ይንጣጣል፣ ወሬኛ ይሆናል። ከዚያ ድምፁ ሳሳ ይላል። ሲሳሳ ነው ማውረድ። ዝም ካለ አልፎታል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰሙት?"

"ተይው፣ ልጄ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ራዲዮውን ዝጊ ካልኩሽ ጀምሮ።"

አስያ ቆጠረች። መቁጠርም አያስፈልገውም። ዓፊያ በሄደች በሳምንቱ ነው ራዲዮው የተዘጋው። ሁለት ዓመት። አንድም ቀን አላስፈለገቻቸውም። በእነዚያ ቀናት ሁሉ "ደረሰ?" ሲሏት "ደርሷል" ስትል፣ እሳቸው ቀድመው ያውቁት ነበር።

"ያ አላህ!" ብላ ጮኸች። በአማቷ ፊት ጮኻ አታውቅም። "ሁለት ዓመት! ልጄ እኮ ጥርሷ ሲነቀል አላየሁም። ልጄ እኮ ስሜን ረሳች! ምን አደረግሁዎት? ምን በድዬዎት ነው?"

"ምንም አልበደልሽኝም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ፈራኋ!" አሉ እማ አሻ፤ እሳቸውም ጮኹ። "ልጄ ሄደ። የልጅ ልጄ ሄደች። አንቺም ከሄድሽ ይሄንን ግድግዳ ላዋራ? ዓይኔ አያይ፣ አፍንጫዬ አያሸት፣ የበላሁት ሁሉ ጭድ ነው። ደረሰ ብዬ ስጠይቅ፣ ደርሷል የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው። ሌላ ምንም የለም። አላህ ይቅር ይበለኝ።"

አስያ አዘነችላቸው፤ ማዘኗም አበሸቃት። ጓዳውን ጥላ ወጣች፤ ገላዋን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች፣ ፀጉሯን አጠበች፤ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ ፈትታ ያንን ቀሚስ ጓሮ ቆማ ለበሰች። ሌላ ልብስ አልያዘችም። ሁሉም የጓዳው ሽታ አለበት። ከዚያ ለባጃጅ ነጂው ደወለች፤ በር ላይ እንዲጠብቃት፣ መናኸሪያ እንደሚያደርሳት ነገረችው።

ጓዳው ደጃፍ ላይ፣ ወደ ውስጥ ሳትገባ ተንበረከከች። መዳፎቿን ዘረጋች።

"እማ፣ ይመርቁኝ። ልጄ ጋ ልሄድ ነው።"

እማ አሻ በግድግዳው ተደግፈው መጡ፤ ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ዘረጉ።

"አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ።"

"አሚን።"

"ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ መንገድ ይጠብቅሽ።"

"አሚን።"

"ልጅሽን አይተሽ በሰላም ወደ ቤትሽ ይመልስሽ።"

አስያ ዝም አለች።

ወሎ ውስጥ ለምርቃት ዝም ማለት አልቀበልም ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እጇን አላጠፈችም፣ አልተነሳችም። መዳፏ እንደተዘረጋ ነው። ዶሮዎች ግቢው ውስጥ ይጭራሉ፤ በር ላይ ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ።

"በሰላም ይመልስሽ አልኩ እኮ" አሉ እማ አሻ።

"ሰምቻለሁ፣ እማ።"

"አሚን በያ።"

"አልልም።"

እማ አሻ አንገታቸውን ደፉ። እንባቸው በጉንጫቸው ሸንተረር ገባ። አስያም ታለቅሳለች፤ ግን አፏን አልከፈተችም። ብትከፍተው አሚን እንዳይወጣት ፈርታ ከንፈሯን ነክሳለች። አሁን አሚን ካለች በቃ፣ ምርቃቱ ገመድ ሆኖ በአረፋ ወደዚች ጓዳ ይጎትታታል፤ ይህን ታውቃለች።

"ኢንተለ ኮ" አሉ በመጨረሻ። ትንፋሻቸውን ሳቡ። "አላህ ከልጅሽ ጋር ያኑርሽ። እዚያው ያክርምሽ። እዚያው ያለምልምሽ። ስምሽን በአፏ ያድርግልሽ።"

"አሚን!" አለች አስያ፤ ጎረቤት የሰማው አሚን። "አሚን፣ አሚን።"

እንትፍ እንትፍ አሉባት። ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ እማ አሻ እንደ ልማዳቸው ወደ ጓዳ ገብተው ንስንስ በላስቲክ መቋጠር ጀመሩ፤ ስንቅ ሳይሰጡ ሰው ሸኝተው አያውቁም። ግማሽ ላይ እጃቸው ቆመ። "አይ" አሉ ለራሳቸው፤ "የልጅቷ ደረት አለ።" መልሰው ገለበጡት።

"በይ ሂጂ" አሉ ሳይዞሩ። "እኔ ሁለተኛውን ሰሊጥ ልጣድ። ቁጭ ብዬ ኮቴሽን መስማት አልችልም።"

አስያ ወጣች። ባጃጁ አጠገብ ስትደርስ አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች። ሽታው መጣላት። የእርጥብ ጭዱ፣ የቂጣው፣ ያ ቅባታሙ። ደርሷል። ጠበቀች፤ ሰፌድ ላይ ሲፈስ የሚሰማው ድምፅ የለም። ከጓዳው የሚመጣው የእማ አሻ ልቅሶ ብቻ ነው። የሚያለቅስ ሰው ሰሊጥ አይሰማም።

ማረር ጀመረ። መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ መራራ ጭሱ አጥሩን አልፎ መጣ። ነጂው አፍንጫውን ቆንጥጦ "እህቴ፣ ምን እየነደደ ነው?" አላት።

እግሯ ሊወርድ ነበር። ምድር ነክቶም ነበር። አስያ ዓይኗን ጨፈነች፣ እግሯን ሰብስባ ገባች፤ የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ጫነችው።

"ንዳው" አለችው።